የቤት ግንባታ ፈቃድ ሲታገድ፦ ለሞንትጎመሪ ካውንቲ ነዋሪዎች የቀረበ ማሳሰቢያ

በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ በተለይም በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ቤት የምትፈልጉ ወገኖች፦ «በቅርቡ ርካሽ አፓርትመንት ይሠራል፣ ስማችሁን ላስይዝላችሁ» ለሚል ሰው ገንዘብ አትስጡ። ዕቅዱ ገና ካልጸደቀ ሕንፃው ላይሠራ ይችላል። የአካባቢው አስተዳደር ማጽደቁን ራሱን ሊያቆም እንደሚችል ደግሞ ብዙ ሰው አያውቅም።

አቁሞም ያውቃል። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ የብሌርና የአይንስታይን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ሰፈሮች ጨምሮ በበርካታ አካባቢዎች አዲስ የመኖሪያ ቤት ዕቅድ ማጽደቅ ታግዶ ነበር። ምክንያቱ የትምህርት ቤቶች መጨናነቅ ነው። የተማሪው ቁጥር በአምስት ዓመት ውስጥ ከአቅሙ 120 በመቶ ያልፋል ተብሎ ከተገመተ እገዳው በራሱ ይጀምር ነበር።

ልጁ በጊዜያዊ ክፍል ውስጥ የሚማርበት ወላጅ እገዳውን ቢደግፍ አይፈረድበትም። ችግሩ እገዳው የሚያርፍበት ቦታ ነው። የካውንቲው የፕላን ባለሙያዎች እንዳጠኑት፣ የተማሪ ቁጥር በዋናነት የሚጨምረው ነባር ቤቶች ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች ሲሸጡ ነው፤ ይህን ሽያጭ ደግሞ እገዳው አይነካውም። በሌላ በኩል፣ ትልልቅ አዳዲስ ግንባታዎች ቢያንስ 12.5 በመቶ የሚሆኑትን ቤቶች መካከለኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች በቅናሽ እንዲያቀርቡ ሕግ ያስገድዳል። ሕንፃው ካልተሠራ የቅናሹም ቤት የለም።

በኖቬምበር 2020 የካውንቲው ምክር ቤት ከጥቂት አካባቢዎች በስተቀር ይህን እገዳ አንስቶ፣ ትምህርት ቤት በተጨናነቀበት ሰፈር የሚገነቡ ተጨማሪ ክፍያ እንዲከፍሉ ወሰነ። ፖሊሲው ግን በየአራት ዓመቱ ስለሚከለስ ክርክሩ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። ያኔ መጀመሪያ የምትጠይቁት እገዳው መቼ እንደሚያበቃና የቅናሽ ቤቶችንም ያግድ እንደሆነ ይሁን። የካሊፎርኒያ ሕግ ለምሳሌ ከተሞች በአስቸኳይ የሚያውጁት እገዳ የአራት አምስተኛ ድምፅ እንዲያገኝ ያዛል፤ መነሻው 45 ቀን ነው፣ ቢራዘምም ከሁለት ዓመት አያልፍም። ምክንያቱንም መርምሩ። እዚያው ካሊፎርኒያ ውድሳይድ የምትባል የባለጸጎች ከተማ በ2022 መላ ግዛቷ ፑማ የሚባለው የዱር እንስሳ መኖሪያ ስለሆነ በአንድ ቦታ ተጨማሪ ቤት ሊሠራ አይችልም ብላ ነበር! የግዛቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ሲቆጣት ወዲያው ተወችው።

የካውንቲውን የቅናሽ ቤት ለመግዛት የቤቶች ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የሚሰጠውን ሥልጠና ወስዶ፣ የብቁነት ማረጋገጫ አግኝቶ ዕጣ ውስጥ መግባት ነው። አገር ቤት ኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ የጠበቀ ሰው ዕጣን ያውቀዋል፤ ተራ የሚሸጥ ደላላ ካለ አጭበርባሪ ነው።

የካውንቲው ፕላኒንግ ቦርድ ስብሰባ አብዛኛውን ጊዜ ሐሙስ ቀን ዊተን ውስጥ ይካሄዳል፤ ነዋሪም ተመዝግቦ መናገር ይችላል። እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ አስተርጓሚ ከስብሰባው ቀናት አስቀድማችሁ ጠይቁ።