የሰውን ገጸ ባህሪ አትንኩ

የስደት እህቶቼ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ደሞዝም ስለ ማዳምም አይደለም። በቴሌግራም ስለምንጫወተው የድራማ ጨዋታ ነው። "ይሄም ቁም ነገር ሆኖ?" የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እስኪ ታገሱኝና እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ለማታውቁት ላስረዳ። እኛ ዘጠኝ ሴቶች ነን። አንዷ "ደሴ ውስጥ አንድ ግቢ አለ፣ ብዙ ተከራይ ይኖርበታል" ብላ ትጀምራለች። ከዚያ እያንዳንዳችን አንድ ሰው እንሆናለን፤ አንዷ አከራይ፣ አንዷ ጠላ ሻጭ፣ አንዷ ተማሪ። በየተራችን የያዝነውን ሰው ሆነን በድምፅ ወይም በጽሑፍ እንቀጥላለን። ታሪኩ የት እንደሚደርስ ማናችንም አናውቅም። ልጅ ሆነን እቃ እቃ ስንጫወት "አንቺ እናት ሁኚ፣ እኔ ጎረቤት ልሁን" እንባባል የለ? ያው እሱ ነው፣ በስልክ ሆነ እንጂ።

አሁን ጥፋቴን ልንገራችሁ። አንዲት እህታችን ዓለሚቱ የምትባል ሴት ሆና ትጫወት ነበር። ዓለሚቱ ልብስ ስፌት ተምራ፣ ማሽን ገዝታ፣ ሱቅ ልትከፍት ደርሳለች። እህታችን ግን ድንገት ሁለት ሳምንት ጠፋች። ታሪኩ ቆመብን። እኔ "ዝም ብለን ከምንቀመጥ" ብዬ ዓለሚቱን ለአንድ ሽማግሌ ነጋዴ ዳርኳት፣ ማሽኗንም አሸጥኳት። ሁላችንም በሳቅ ሞትን።

ስትመለስ ለካ ማዳሟ ስልኳን ነጥቃት ኖሯል። ሁሉንም አዳምጣ ስትጨርስ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "እዚህ ቤት መቼ እንደምተኛ፣ ምን እንደምበላ፣ ከእናቴ ጋር መቼ እንደማወራ ሰው ነው የሚወስንልኝ። እኔ የምወስንላት ዓለሚቱ ብቻ ነበረች።" ከግሩፑ ወጣች። ይቅርታ ብዬ በውስጥ ጻፍኩላት፤ አይታዋለች፣ እስከዛሬ ግን አልመለሰችም።

ከዚያ ወዲህ ነው ይህ ጨዋታ ሥርዓት ይፈልጋል የምለው። የማስበውን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ የሌላዋን ሰው አትናገሩላት፣ አታድርጉላት። "በሯን አንኳኳሁ" ማለት ትችላላችሁ፤ መክፈቱ የእሷ ነው። "ልመታት እጄን ሰነዘርኩ" ይቻላል፤ "መታኋት፣ ወደቀች" ግን አይቻልም። መውደቋን ወይም ጎንበስ ብላ ማምለጧን ባለቤቷ ትናገር። መዳርና መግደልማ ጭራሽ!

ሁለተኛ፣ የጠፋችውን እንጠብቅ። ሪያድ፣ ኩዌትና ዶሃ ያለን ሰዓታችን ከአገር ቤት ጋር አንድ ነው፣ ዱባይ ያለችው በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ዋናው ችግር ግን የሰዓት ልዩነት አይደለም። አንዷ ስልክ የምትይዘው ማታ እቃ አጥባ ከጨረሰች በኋላ ነው፣ ሌላዋ ዓርብ ብቻ ነው። መጠበቁ ከረዘመ ሰውየዋን "ገጠር ዘመድ ልትጠይቅ ሄደች" ማለት ነው። ስትመጣ ከሄደችበት ትመለሳለች፣ ሱቋም ማሽኗም እንዳለ ይቆያታል።

ሦስተኛ፣ የሁላችንም ፍላጎት አንድ አይደለም። አንዷ ረጅም ድምፅ ትወዳለች፤ ከልጆች ጋር አንድ ክፍል የምትተኛዋ ግን ድምፅ መክፈት አትችልም፣ ጽሑፍ ነው የሚያዋጣት። አንዷ ድራማው ውስጥ ክፉ ማዳም እንድትኖር ትፈልጋለች፣ ቀን ያልመለሰችውን መልስ ማታ እዚያ ትመልሳለች። ሌላዋ ደግሞ "ቀን የጠገብኩትን ማታም አልሰማም" ትላለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። ስለዚህ ድብደባ፣ ሞት፣ መደፈር የሚመጣበት ታሪክ ከሆነ አስቀድሞ "ይሁን ወይ?" ብሎ መጠየቅ ነው። አንዷ እምቢ ካለች ለምን ብለን አናስጨንቃት።

ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም። የምሠራበት ቤት ትልቁ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር እንዲህ ዓይነት ጨዋታ ይጫወታል። እሱ እንደነገረኝ በዚህ ዓይነት ታዋቂ የሆነው "ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ" የሚባለው ጨዋታ አሜሪካ ውስጥ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ጠረጴዛ ከብበው ሲጫወቱ አንዳንዶች ኤክስ የተጻፈበት ካርድ መሃል ያስቀምጣሉ። አንድ ሰው የከበደው ነገር ሲመጣ ካርዱን ይነካል፤ ያ ነገር ያለ ምንም ጥያቄ ይታለፋል። በጽሑፍ የሚጫወቱት ደግሞ ከድራማው ወጥተው የራሳቸውን ነገር ሲናገሩ በድርብ ቅንፍ ውስጥ ይጽፉታል። እኛ ግሩፕ አሁን "ከድራማው ውጪ" ብለን እንጀምራለን። ጠላ ሻጯ አከራይዋን ስትሰድብ እኔ አንቺን ሰደብኩሽ ማለት እንዳልሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው።

"ጨዋታ ነው፣ ምን ሕግ ያስፈልገዋል?" ያለችኝ አለች። እኔ ግን እላለሁ፣ እቃ እቃም ሕግ ነበረው። የአንዷን ጎጆ ያፈረሰች ልጅ "ጨዋታ ፈረሰ፣ ዳቦ ተቆረሰ" ተብሎ ሁሉም ወደ ቤቱ ይበተንባት ነበር። እኛ ደግሞ የምንበተንበት ቤታችን ሩቅ ነው።

ቀኑን ሙሉ "ነይ፣ ሂጂ፣ አምጪ" ስንባል ውለን ማታ ለግማሽ ሰዓት የራሳችንን ሰው እንይዛለን። ያቺን ግማሽ ሰዓት እርስ በርስ አንቀማማ።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽው የዓለሚቱ ማሽን አልተሸጠም። ሰርዘነዋል። ገጠር ናት፣ ስትመጪ ትመጣለች።

እናንተስ እህቶቼ፣ በግሩፓችሁ ምን ሥርዓት አላችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ሁላችንንም በሰላም ላገራችን ያብቃን።