ቢላዋው ሳይሆን የባከነው ቀን

ለተከበሩ የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ፤

ባለፈው እትም አንድ አንባቢ፣ ሆዱ አንድ ጊዜ የተከፈተ ሰው ጤናው ተሟልቶ አይነሣም ሲሉ የሰጡትን አስተያየት፣ ዘመኔን በድሬሰርነት የፈጸምሁ ሰው እንደ መሆኔ፣ በዝምታ ላልፈው አልተቻለኝም። እርሳቸው ያዩትን መከራ እኔም አይቻለሁ፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በሽተኛው ከቀዶ ሐኪሙ ፊት ከመቅረቡ አስቀድሞ፣ በገዛ ቤቱ መደብ ላይ ሳለ ነው።

የትርፍ አንጀት ሕመም በብዙ ሰው ላይ ከእምብርት ዙሪያ ተነሥቶ፣ ሰዓታት ሲያልፉ ወደ ቀኝ የታችኛው ሆድ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ከተደረሰበት ቀዶ ሕክምናው ቀላል ነው፤ ተዘንግቶ የፈነዳ እንደ ሆነ ግን መግሉ በሆድ ዕቃ ውስጥ ስለሚሠራጭ፣ የቁስል ማመርቀዝ፣ የመግል መቋጠር፣ ሰንብቶም አንጀት ከአንጀት ተጣብቆ መታገድ ይከተላል። እርግጥ ነው፣ በጊዜው በተሠራ ቀዶ ሕክምናም እነዚህ ሊደርሱ ይችላሉ፤ የብዛታቸው ልዩነት ግን ታላቅ ነው።

የታናሽ እኅቴ ልጅ በዚህ ደዌ ሲያዝ፣ ሆዱን በቅቤ እያሹ፣ የጉሎ ዘይት እያጠጡ ሁለት ቀን አቆዩት። በሦስተኛው ቀን ጧት ሕመሙ ድንገት ቀለል ቢልለት፣ እናቱ «ተመስገን» ብላ ቡና አፈላች፤ ያ ዕረፍት ግን ትርፍ አንጀቱ የመፈንዳቱ ምልክት ነበርና፣ ማታ ሆዱ እንደ ጣውላ ደርቆ አገኘሁት። ነፍሱ የተረፈችው ከሁለት ቀዶ ሕክምናና ከብዙ ሳምንት አልጋ በኋላ ነው፤ ጎረቤቱ ግን እስከ ዛሬ «ቢላዋ ጎዳው» ይላል።

ይህ ደዌ ማዕርግ አይመርጥም። የእንግሊዝ ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ እ.ኤ.አ. በ1902 ዘውድ ሊጭኑ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ሐኪማቸው ፍሬድሪክ ትሬቭስ የቋጠረውን መግል ስላፈሰሰላቸው፣ በዓለ ንግሡ ስድስት ሳምንት ያህል ዘግይቶ ተፈጸመ፤ ንጉሡን ያዳነው ይኸው ሐኪም ግን ከሁለት ዓመት በፊት የገዛ ሴት ልጁን በዚሁ ሕመም ቀብሯል።

ስለዚህ ደኅና ውሎ የነበረን ሰው ይዞ ስድስት ሰዓት ያልለቀቀ ብርቱ የሆድ ሕመም፣ ሳይታሽና የሚያስቀምጥ መድኃኒት ሳይሰጥበት፣ ለሐኪም እንዲታይ መጽሔታችሁ በየጊዜው ቢያሳስብ፣ እኛ በስፌትና በመግል ማፍሰሻ ቱቦ ከምንደክመው ይልቅ ብዙ ሰው ያድናል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ጡረተኛ ድሬሰር፣ ከደሴ