ወረርሽኙና የአፍላ ወጣቶች ጓደኝነት፤ በማካካሻ ትምህርት ያልተመለሰው ጉድለት

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ መገኘቱ ይፋ በተደረገ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ መወሰኑ ይታወሳል። ለ15 ቀናት ተብሎ የተጀመረው መዘጋት ሰባት ወራት ያህል የዘለቀ ሲሆን፣ 26 ሚሊዮን የሚሆኑ ተማሪዎችም ከትምህርት ገበታቸው ተለይተው ከርመዋል። እርምጃው ሕይወትን ከአደጋ ለመጠበቅ የተወሰደ እንደመሆኑ አስፈላጊነቱ ብዙ አላከራከረም።

ከዚያ ወዲህ በተካሄዱ ውይይቶች በአብዛኛው ትኩረት ያገኙት ያመለጠው የትምህርት ይዘት፣ የተራዘሙት ፈተናዎችና ያቋረጡ ተማሪዎች ጉዳይ ናቸው። ከ10 እስከ 19 ዓመት ባለው የዕድሜ ክልል የሚገኙት አፍላ ወጣቶች ያጡት ሌላ ነገር ግን በዕቅድም ሆነ በሪፖርት ብዙም አልተነሳም። እርሱም ጓደኝነት ነው።

በዚህ ዕድሜ ላይ ላለ ልጅ ጓደኛ የጨዋታ አጋር ብቻ አይደለም። ለወላጅ የማይነገር ጭንቀት በቅድሚያ የሚነገረው ለጓደኛ ነው። ከክፍል የቀረ ተማሪ ምን እንደገጠመው ከመምህሩ ቀድሞ የሚያውቀው አጠገቡ የሚቀመጠው ልጅ ነው። በገጠር ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደው ረጅም መንገድ ራሱ የመመካከሪያ ሥፍራ ነው። በመሆኑም የትምህርት ቤቱ በር ሲዘጋ ከመማር ማስተማሩ ጋር ይህ የመረጃና የመደጋገፍ መስመርም አብሮ መቋረጡን ልብ ማለት ይገባል።

መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅና እርሱን ተከትሎ የወጣው ደንብ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን፣ እንዲሁም ተጨባብጦ ሰላምታ መለዋወጥን ከልክለው ነበር። ትንሣኤና ዒድ አልፈጥር፣ ቡሄና አሸንዳም በአዋጁ ዘመን ውስጥ የዋሉ በዓላት ናቸው። በቡድን እየዞሩ ሆያ ሆዬ ለሚሉ ወንዶች ልጆችም ሆነ አሸንዳን፣ ሻደይንና ሶለልን በጋራ ለሚጫወቱ ልጃገረዶች በዓሉ ያለ ጓደኛ ትርጉም የለውም።

ሁኔታውን ይበልጥ ግልጽ የሚያደርገው አገሪቱ ኤች አይ ቪ/ኤድስን በመከላከል ረገድ ካካበተችው ልምድ ጋር ሲነጻጸር ነው። በ1990ዎቹ በየትምህርት ቤቱ የተቋቋሙት የፀረ ኤድስ ክበባት፣ የሚኒ ሚዲያ ዝግጅቶችና የአቻ ለአቻ ውይይቶች የወጣቶችን መሰባሰብ የመከላከያ መሣሪያ አድርገውት ነበር። በኮሮና ወቅት ግን መሰባሰቡ ራሱ የመተላለፊያ መንገድ ሆነ። ቀደም ሲል ውጤት ያስገኘው አሠራር በአንድ ጊዜ ሥራ ላይ ሊውል የማይችል ሲሆን፣ በምትኩ የሚሠራበት ሌላ አሠራር አልተዘጋጀም ነበር።

በከተማ ያሉ ታዳጊዎች ክፍተቱን በከፊል በስልክ ሸፍነዋል። ቴሌግራም ትምህርት ቤቶች ጽሑፍና መልመጃ የሚልኩበት፣ ተማሪዎችም የሚገናኙበት መድረክ ሆኖ አገልግሏል። ይህም ቢሆን ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም ጀምሮ የኢንተርኔት አገልግሎት ለሦስት ሳምንታት ያህል በመቋረጡ አስተማማኝ አልነበረም። የራሱ ስልክ ለሌለው የገጠር ተማሪ የቀረበለት አማራጭ ደግሞ የሬዲዮ ትምህርት ነበር። ሬዲዮ ትምህርትን ያደርሳል፤ ጓደኛን ግን አያገናኝም። በተለይም ስልክ ቢኖር እንኳ በቤተሰቡ ውስጥ በቅድሚያ ለወንድም የሚሰጥበት ልማድ ባለበት አካባቢ፣ የቤት ውስጥ ሥራ የተደራረበባት ልጃገረድ ከእኩዮቿ ጋር የነበራት ግንኙነት ይበልጥ ለመቋረጥ የተጋለጠ ነበር።

የዚህ መቋረጥ መዘዝ ጎልቶ የሚታየው ያለ ዕድሜ ጋብቻን በመሳሰሉ ጉዳዮች ላይ ነው። ትምህርት ቤቶች በተዘጉባቸው ወራት በአማራ ክልል በመቶዎች የሚቆጠሩ የልጃገረዶች ጋብቻዎች እንዳይፈጸሙ መደረጉን የክልሉ ኃላፊዎች በወቅቱ ገልጸዋል። በመደበኛው ጊዜ እንዲህ ያለው ዝግጅት ከሚታወቅባቸው መንገዶች አንዱ የልጅቱ ጓደኛ ለልጃገረዶች ክበብ ተጠሪ መምህርት የምትሰጠው ጥቆማ ነው። መምህርቷም ጉዳዩን ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ታደርሳለች። ጓደኛሞች ሳይገናኙ ሲቀሩ ጥቆማው ከመነሻው ይደርቃል። ስለዚህም የጓደኝነት ጉዳይ የስሜት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

በሌላ በኩል የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት፣ ዩኒሴፍ፣ በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ይፋ ያደረገውና 21 አገሮችን ያካተተው የዳሰሳ ጥናት፣ ከ15 እስከ 24 ዓመት ከሚገኙ ወጣቶች በአማካይ ከአምስቱ አንዱ ብዙውን ጊዜ የመደበት ወይም ነገሮችን ለመሥራት ፍላጎት የማጣት ስሜት እንደሚሰማው አመልክቷል። በኢትዮጵያ ይህን ስሜት የገለጹት ከአሥሩ አንድ ያህሉ ናቸው። አኃዙ ከብዙ አገሮች ዝቅተኛ መሆኑ ግን ለመዘናጋት ምክንያት ሊሆን አይገባም። ስለ መንፈስ ጭንቀት በግልጽ መናገር ባልተለመደበት ኅብረተሰብ ውስጥ ዝምታ የጤንነት ምልክት ተደርጎ ሊቆጠር አይችልምና።

ትምህርት ቤቶች ከጥቅምት 2013 ዓ.ም ጀምሮ በየተራ ሲከፈቱ በአንድ ክፍል የሚቀመጡ ተማሪዎች ቁጥር ከ25 እንዳይበልጥ፣ እንደየሁኔታውም በፈረቃ እንዲማሩ ተደርጓል። ላመለጠው ትምህርትም የ45 ቀናት ማካካሻ ተመድቧል። አሠራሩ ለጤና ጥንቃቄ ተገቢ ነበር። ሆኖም የፈረቃ ድልድል የተማሪን ቁጥር እንጂ ማን ከማን ጋር እንደሚማር የሚመለከት ባለመሆኑ፣ ለወራት ተለያይተው የከረሙ ጓደኛሞችን በጠዋትና በከሰዓት ሊለያይ የሚችል ነበር። ለሒሳብ ማካካሻ ሲታሰብ ለዚህ አልታሰበም።

የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም ኮቪድ 19 ዓለም አቀፍ የጤና ሥጋትነቱ ማብቃቱን አስታውቋል። ትምህርት ቤትን የሚያዘጋ ሌላ ወረርሽኝ ወይም አደጋ ግን አይመጣም ማለት አይቻልም። ከባለፈው ልምድ በመነሳት የሚመለከታቸው አካላት አስቀድመው ሊያከናውኗቸው የሚገቡና ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ተግባራት አሉ። የክፍል ኃላፊ መምህራን በአንድ ጎጥ ወይም መንደር የሚኖሩ ተማሪዎችን ሦስትና አራት እያደረጉ በጥናት ቡድን ሊያደራጁ ይችላሉ። በ2012 ዓ.ም የወጣው ደንብ እንኳ እስከ አራት ሰው መገናኘትን ያልከለከለ በመሆኑ፣ አስፈላጊውን ርቀት ጠብቆ መሥራት በተቻለ ነበር። እያንዳንዱ ቡድን የአንድ መምህር ስልክ ቁጥርና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አድራሻ እንዲይዝ ማድረግ፣ የፈረቃ ድልድል ሲወጣም ቡድኑን አለመበተን ከትምህርትና ከሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤቶች የሚጠበቅ ነው።

በ1911 ዓ.ም አዲስ አበባን ክፉኛ የጎዳው የኅዳር በሽታ መታሰቢያው እስካሁን ያልጠፋው፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተባብሮ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የሚያቃጥልበት ልማድ በመትረፉ ነው። ከኮሮና ዘመንም ለታዳጊዎች የሚጠቅም አሠራር ሊተርፍ ይገባል። በሚቀጥለው ጊዜ የትምህርት ቤት በር መዘጋት ግድ ቢሆን፣ አንዲት ልጃገረድ ችግሯን የምትነግራት ጓደኛ፣ ጓደኛዋም የምታሳውቀው መምህር እንዳያጡ ማድረግ ከዝግጅቱ ሁሉ የሚቀድም ሊሆን ይገባል።