አስከሬኑን ተዉት፣ ቤቱን እዩት

ስለ ሰቆጣ የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ ብዕሩን የሚያነሣው ከሬሣ ሣጥን ነው። ከከተማይቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ «የደረቁ አስከሬኖች ያሉበት» እየተባለ ይተዋወቃል። ለመሆኑ ቤተ ክርስቲያንን በሬሣ ማስተዋወቅ ምን የሚሉት ወግ ነው?

እስቲ ቤቱን እንየው። ከአለት የተፈለፈለ ሲሆን ፊቱ የተጠረበው በአክሱም ግንብ አምሳል ነው። የአክሱም ዘመን ግንበኛ በድንጋይ ረድፍ መካከል እንጨት ያጋድም ነበር፤ ከግንቡ ብቅ የሚለውም ጫፍ «የዝንጀሮ ራስ» ይባላል። ደብረ ዳሞ በዚህ ብልሃት የታነጸ ነው። አለት ግን እንጨት አያሻውም። የዋግ ጠራቢ ይህን እያወቀ የጥንቱን ግንብ መልክ በአለት ላይ ማስቀረቱ፣ የእግዚአብሔር ቤት መልክ ይህ ነው ብሎ ስለ ተቀበለ ይመስለኛል። ትውፊት ሥራውን ለአፄ ካሌብ ዘመን ይሰጣል፤ ተመራማሪዎች በብዙ መቶ ዓመት ያወርዱታል። ክርክሩ ራሱ ከሬሣ ወሬ ይበልጥ ያጓጓል!

ሣጥኖቹም ቢሆኑ የቤቱ ታሪክ ናቸው። በውስጣቸው ያረፉት የዋግ ሹሞች መሆናቸው ይነገራል። ዋግ ሹሞች ዘራቸውን ከዛጔ ነገሥታት ይቆጥራሉ፤ ከ1868 እስከ 1871 እ.ኤ.አ. አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ የነገሠው ዋግ ሹም ጎበዜም ከዚሁ ቤት ነው። ቤተ ጸሎቱ የመሳፍንት ማረፊያ ሲሆን ጸሎቱ አልተቋረጠም፤ ሙታኑ የተጠጉት ጸሎቱን ብለው ነውና። ዛሬ የምንጨምርበት ሦስተኛ ግልጋሎት ግን ክዳን ከፍቶ ማሳየት ነው። ይህ ከሁለቱም አይዛመድም።

«ገንዘብ ያመጣል» የሚለኝ አይጠፋም። ዩኔስኮ በ1978 እ.ኤ.አ. የመዘገባቸው 11 የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ዓለምን የጠሩት በአስከሬን ነውን? «እንግዲያው ሣጥኖቹ ወደ ሙዚየም ይወሰዱ» የሚልም ይኖራል። የሰው መቃብር አራግፎ ቅርስ አዳንኩ ማለት አይቻልም።

የምጠይቀው ቀላል ነው። ክዳኑ ይዘጋ። አስጎብኚው እንግዳውን ከሣጥኑ ፊት ሳይሆን ከግንባሩ ፊት ያቁም። ጥገና ከመነሣቱ በፊት እያንዳንዱ ጥርብ ተለክቶ በወረቀት ይስፈር፤ ሲሚንቶ ይዞ የሚመጣ በጎ አድራጊም ከደጅ ይመለስ። የመጀመሪያው ቃል ደግሞ እዚያው ለሚቀድሱት ካህናት ይሰጥ፤ ቤቱን ለዛሬ ያደረሰው ቅዳሴው እንጂ የእኛ ጉብኝት አይደለም።