ከፍርሃቱ ዘመን በኋላ የተወለዱ ታዳጊዎችና የኤች አይ ቪ መከላከል ሥራ

ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚማሩት ታዳጊዎች በአብዛኛው ከ2000 ዓ.ም ወዲህ የተወለዱ ናቸው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም በመሆኑ፣ እነዚህ ታዳጊዎች በሽታው በየሰፈሩ ድንኳን ያስተክል የነበረበትን፣ ከሞቱ ብዛት የተነሳ የእድሮች ካዝና የተራቆተበትን ዘመን በወሬ እንጂ በዓይናቸው አያውቁትም። ይህ በራሱ የሀገሪቱ የጤና ሥራ ያስገኘው ውጤት ነው። ይሁን እንጂ የመከላከል ትምህርቱ በአመዛኙ የተገነባው በዚያ ዘመን ፍርሃት ላይ ስለነበረ፣ ፍርሃቱ ሲነሳ ትምህርቱ በምን ላይ እንደቆመ መመርመር ግድ ይላል።

አሃዞቹ የሚያሳዩት የሚያጽናና አይደለም። በ1997 ዓ.ም በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ-ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 24 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 21 በመቶ፣ ከወንዶች ደግሞ 33 በመቶ ያህሉ ስለ ኤች አይ ቪ የተሟላ ዕውቀት እንዳላቸው ተመልክቶ ነበር። ይኸው ጥናት በ2003 ዓ.ም ሲደገም የሴቶቹ 24፣ የወንዶቹ 34 በመቶ ሆነ። በ2008 ዓ.ም የወንዶቹ ወደ 39 በመቶ ከፍ ሲል የሴቶቹ ግን በዚያው በ24 በመቶ ላይ ረግቶ ተገኝቷል። በእነዚህ 11 ዓመታት ውስጥ የሚሊኒየም ኤድስ ዘመቻ ተካሂዷል፤ በርካታ ትምህርት ቤቶች የፀረ ኤድስ ክበብ አቋቁመዋል፤ በፖስተርና በራሪ ጽሑፍ ያልተዳረሰ የከተማ ቀበሌም እምብዛም አልነበረም። ይህ ሁሉ ሆኖ ከአራት ወጣት ሴቶች ሦስቱ የተሟላ ዕውቀት ሳይኖራቸው መገኘታቸው፣ ችግሩ በትምህርቱ መጠን ላይ ብቻ እንዳልነበረ ያመለክታል።

እዚህ ላይ «የተሟላ ዕውቀት» የሚባለው ምን እንደሆነ ማስረዳቱ ተገቢ ነው። ስለ በሽታው መስማት ማለት አይደለም፤ ስለ በሽታው ያልሰማ ወጣት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። መለኪያው ኮንዶም መጠቀምና ከቫይረሱ ነፃ ከሆነ አንድ ታማኝ ጓደኛ ጋር መወሰን የመያዝን ዕድል እንደሚቀንስ ማወቅን፣ ቫይረሱ በትንኝ ንክሻ ይተላለፋል እንደሚሉት ያሉ የተሳሳቱ እምነቶችን አለመቀበልን ይጨምራል። ጤነኛ የሚመስል ሰው ቫይረሱ በደሙ ሊኖር እንደሚችል መገንዘብም ከነጥቦቹ አንዱ ነው። ከሁሉም ይልቅ ከታዳጊዎች የዕለት ተዕለት ውሳኔ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ይህ የመጨረሻው ነው።

በሽታው በሀገራችን ሕመምተኞች ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1986 ሲሆን፣ ሀገር አቀፉ የኤች አይ ቪ/ኤድስ ፖሊሲ የወጣው በ1990 ዓ.ም ነው። በእነዚያ ዓመታትና ከዚያም በኋላ የተሠራጩት መልዕክቶች የአፅም ሥዕል፣ ከአልጋ የማይነሳ ሕመምተኛ፣ የመቃብር ስፍራ የሚያሳዩ ነበሩ። ተጋላጭ ተብለው በስም የሚጠሩትም ሴተኛ አዳሪዎች፣ የረጅም ርቀት ሾፌሮችና ወታደሮች ነበሩ። መልዕክቶቹ በጊዜው ዋጋ አልነበራቸውም ማለት አይቻልም። በርካታ ድምፃውያን በአንድነት ያዜሙት «ማለባበስ ይቅር» የሚለው ዜማ በየቤቱ የታፈነውን ጉዳይ ወደ አደባባይ አውጥቶታል፤ «ያ በሽታ» እየተባለ ይጠራ የነበረውም በስሙ መጠራት ጀምሯል።

ነገር ግን የዚያ ዘመን ትምህርት ሁለት ሥዕሎችን በኅብረተሰቡ አእምሮ ውስጥ ትቶ አልፏል። አንደኛው ቫይረሱ ያለበት ሰው ከሲታና የተጎሳቆለ ነው የሚል ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ አደጋው ያለው በመጠጥ ቤትና በመንገድ ዳር እንጂ በክፍል ጓደኛና በጎረቤት ልጅ ዘንድ አይደለም የሚል ነው። መድኃኒቱ በስፋት ሲዳረስ የተጎሳቆለው ሕመምተኛ ከመንገድ ጠፋ። ሥዕሉ ግን ሳይታረም ቀረ። በመሆኑም ዛሬ አንድ ታዳጊ ዙሪያውን ሲመለከት በአያቶቹ ዘመን እንደተነገረው ያለ በሽተኛ ስለማያይ በሽታው ራሱ የለም ብሎ ቢደመድም ብዙም ሊፈረድበት አይገባም። የተሰጠው መለኪያ የሚያደርሰው ወደዚሁ መደምደሚያ ነው።

ታዳጊዎች አደጋን የሚመዝኑት በትውውቅ ነው። የጓደኛን ቤተሰብ ማወቅ፣ ንጹሕ ለብሶ መገኘት፣ በትምህርት ጎበዝ መሆን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ አለመራቅ የጤንነት ማረጋገጫ ተደርጎ ይወሰዳል። በግንኙነት መጀመሪያ ላይ ኮንዶም ጥቅም ላይ ቢውል እንኳ «ተማምነናል» ከተባለ በኋላ ይቀራል፤ መተማመኑ የሚለካው ደግሞ አብሮ በቆየ ጊዜ እንጂ በደም ምርመራ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ኮንዶም እንጠቀም ብሎ ማንሳት ወይ ጓደኛን መጠርጠር ወይ ራስን ማስጠርጠር ይሆናል። በተለይ ኮንዶም በቦርሳዋ የያዘች ልጃገረድ የሚሰጣት ስም ስለሚታወቅ፣ ጥንቃቄውን በእርሷ ላይ የሚጥለው ምክር ተፈጻሚ የሚሆንበት ዕድል ጠባብ ነው።

ከዚህም ሌላ ብዙ ልጃገረዶች ከኤች አይ ቪ ይልቅ እርግዝናን አጥብቀው ይፈራሉ። በከተሞች በመድኃኒት ቤቶች የሚሸጠው ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እንክብል፣ በተለምዶ «ፖስት ፒል» የሚባለው፣ በወጣቶች ዘንድ ይህን ያህል የታወቀው ስለዚህ ነው። እንክብሉ ከኤች አይ ቪም ሆነ ከሌሎች የአባላዘር በሽታዎች እንደማይከላከል መንገር ቀላል ነው፤ ከባዱ የልጃገረዶቹን ስሌት መረዳት ነው። እርግዝና በጥቂት ወራት ውስጥ ይታያል፤ ከትምህርት ገበታ ያስቀራል፤ ከወላጅ ያጋጫል። ኤች አይ ቪ ግን ለብዙ ዓመታት አይታይም፣ ቢታይም «መድኃኒት አለው» ይባላል። የቅርቡን አደጋ ከሩቁ ማስቀደም ደግሞ በታዳጊዎች ብቻ የሚታይ ጠባይ አይደለም።

«መድኃኒት አለው» የሚለው አባባል ግማሹ እውነት ነው። መድኃኒቱን በየቀኑ ሳያቋርጥ የሚወስድና በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን እንደማያስተላልፍ በሳይንስ ተረጋግጧል። ይህ ሊደበቅ የማይገባው፣ አድልዎን ለማስወገድም የሚጠቅም ትልቅ የምሥራች ነው። ታዳጊዎች ዘንድ የደረሰው ግን መደምደሚያው እንጂ ቅድመ ሁኔታው አይደለም። በ2010 ዓ.ም በከተሞች የተካሄደው ሀገር አቀፍ ጥናት እንዳመለከተው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 64 ዓመት የሆኑና ቫይረሱ በደማቸው ከሚገኝ ሰዎች መካከል ይህንኑ የሚያውቁት 79 በመቶ ያህሉ ነበሩ። ካወቁት ውስጥ 97 በመቶው መድኃኒት ላይ፣ መድኃኒት ላይ ካሉት ደግሞ 88 በመቶ ያህሉ ቫይረሱ ተገትቶላቸው ተገኝቷል። ሕክምናው ውጤታማ መሆኑን አሃዙ ይመሰክራል። ከአምስት ሰዎች አንዱ ግን ሳያውቅ፣ ስለዚህም ሳይታከም ይኖር እንደነበረ ይኸው አሃዝ ይናገራል።

በመስሪያ ቤቶች በኩል ደግሞ ሌላ ዓይነት መዘናጋት ይስተዋላል። በ2008 ዓ.ም ጥናት የቫይረሱ ስርጭት ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉት ዜጎች ዘንድ 0 ነጥብ 9 በመቶ ሆኖ መመዝገቡ ከተነገረ ወዲህ፣ «ከአንድ በመቶ በታች» የሚለው ሐረግ በሪፖርቶች ሁሉ ተደጋግሞ ይነበባል። በዚያው ጥናት ግን የከተማው ስርጭት 2 ነጥብ 9 በመቶ ሲሆን የገጠሩ 0 ነጥብ 4 ነበር፤ በጋምቤላ 4 ነጥብ 8፣ በአዲስ አበባ 3 ነጥብ 4 በመቶ ተመዝግቧል። የሴቶቹ 1 ነጥብ 2 ሲሆን የወንዶቹ የዚያ ግማሽ፣ 0 ነጥብ 6 በመቶ ነበር። አማካዩ አሃዝ ለጋምቤላም ሆነ ለአዲስ አበባ ወረዳ ዕቅድ አውጪ የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው።

የሴቶቹ ተጋላጭነት በልጅነት ዕድሜ የሚጀምር መሆኑን የሚጠቁም ሌላ መረጃም አለ። በተጠቀሰው ጥናት ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ግማሾቹ የመጀመሪያ የግብረ ሥጋ ግንኙነት የፈጸሙት 16 ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ሳሉ ሲሆን፣ በተመሳሳይ የዕድሜ ክልል ያሉ ወንዶች ግን ከ21 ዓመት በኋላ ነው። ይህ ልዩነት ልጃገረዶች በብዛት የሚገናኙት ከእኩዮቻቸው ጋር ሳይሆን በዕድሜ ከሚበልጧቸው ወንዶች ጋር እንደሆነ ያመለክታል። በገጠር ይህ የሚሆነው በአብዛኛው ያለ ዕድሜ ጋብቻ ነው። የቤተሰብ ሕጉ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ቢያደርገውም፣ በነዚሁ ሴቶች ዘንድ የጋብቻ አጋማሽ ዕድሜ 17 ዓመት አካባቢ ሆኖ ተገኝቷል። በከተማ ደግሞ የሞባይል ስልክ፣ የትራንስፖርት፣ አንዳንዴም የትምህርት ቤት ክፍያ የሚሸፍን ታላቅ ሰው ከበስተጀርባ ይኖራል።

እንግዲህ በክፍል ውስጥ ለልጃገረዶች «ታቀቡ» ብሎ የሚያስተምረው ክበብ የሚያናግረው ከሁለቱ ወገኖች አንዷን ብቻ ነው። ውሳኔው በእጁ ያለው ሰው በክፍሉ ውስጥ የለም። እርሱ ያለው በግንባታ ሥፍራ፣ በንግድ ቤት፣ ሳይታበል ደግሞ በመንግሥት መስሪያ ቤት ነው። ስለ ታዳጊዎች አመለካከት በሚደረጉ ውይይቶች የአዋቂ ወንዶች አመለካከት እምብዛም አለመነሳቱ ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

መስሪያ ቤቶች ከበጀታቸው እስከ 2 በመቶ የሚደርስ ገንዘብ ለኤች አይ ቪ መከላከል እንዲመድቡ የሚያስችል አሠራር ለዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። በብዙዎቹ ዘንድ ግን ሥራው ኅዳር 22 ቀን ቀይ ሪባን ከማድረግና ካኔቴራ ከማሳተም እምብዛም አልዘለለም። በአንድ ወቅት ራሱን ችሎ የተቋቋመው የመከላከያና መቆጣጠሪያ ጽሕፈት ቤትም በጤና ሚኒስቴር ሥር እንዲጠቃለል ተደርጓል። በዚህ ላይ በጥር ወር 2017 ዓ.ም የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ማገዱን ተከትሎ በዚያ ድጋፍ የተቀጠሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞች ውል ተቋርጧል። በሰሜኑ የሀገሪቱ ክፍል በተካሄደው ጦርነት ጤና ተቋማት በተጎዱባቸው አካባቢዎች ደግሞ ጫናው ድርብ ነው። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚጠበቀው የታካሚዎች መድኃኒት መሆኑ ትክክል ነው፤ መጀመሪያ የሚቀረው ደግሞ ለታዳጊዎች የሚሰጠው ትምህርት ነው።

ከቀደመው ልምድ የሚወሰድ ጥሩ ነገር አለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአላባና በያቤሎ የተጀመረው የማኅበረሰብ ውይይት፣ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም በሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ድራማ፣ በ952 ነፃ የስልክ መስመር የሚሰጠው ምክር፣ ሦስቱም አድማጩን አላስፈራሩም። ሰው ጥያቄውን እንዲያነሳ፣ በሌላ ሰው ኑሮ ውስጥ የራሱን እንዲያይ አደረጉ። ዛሬ ታዳጊው ጥያቄውን የሚያቀርበው ለእጅ ስልኩ ነው፤ የሚያገኘውም መልስ በአብዛኛው የጤና ባለሙያ መልስ አይደለም። የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያዎች ግን እስካሁን በወላጆቻቸው ዘመን የተጻፈውን ግጥም ያነባሉ።

በሳይንሱ በኩል አዳዲስ መከላከያዎች እየመጡ ነው። ሌናካፓቪር የተባለው በዓመት ሁለት ጊዜ የሚሰጥ መርፌ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ ከ16 እስከ 25 ዓመት ባሉ ሴቶች ላይ ሲሞከር፣ መርፌውን ከወሰዱት 2 ሺህ 134 መካከል አንዲትም በቫይረሱ እንዳልተያዘች በ2016 ዓ.ም ሰኔ ወር ይፋ ሆኗል። የዓለም ጤና ድርጅትም በሐምሌ 2017 ዓ.ም ለመከላከያነት እንዲውል መክሯል። ይሁንና መርፌውን ፈልጋ የምትመጣው አደጋ ላይ ነኝ ብላ የምታስብ ልጅ ናት። «የማውቀው ልጅ ነው» ለምትለዋ የዓለም ምርጡ መድኃኒትም በመጋዘን ይቀመጣል።

በሀገሪቱ የምክርና ምርመራ መመሪያ መሠረት 15 ዓመት የሞላው ሰው ያለ ወላጅ ፈቃድ በራሱ ውሳኔ መመርመር ይችላል። ብዙ ታዳጊዎች ይህን አያውቁም፤ ቢያውቁም የጤና ጣቢያው የካርድ ክፍል ከጎረቤት ጋር የሚያሰልፍ ከሆነ አይሄዱም። ለወጣቶች ምቹ ተብለው የተዘጋጁ ክፍሎች የሚከፈቱት ተማሪው በክፍል ውስጥ ባለበት ሰዓት ሲሆን፣ የሚዘጉት ደግሞ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ነው። ይህን ሰዓት ለመቀየር የውጭ ዕርዳታም አዲስ ፖሊሲም አያስፈልግም፤ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና የጤና ጣቢያው ኃላፊ በቀጣዩ ዕቅዳቸው ላይ ሊወስኑት የሚችሉት ጉዳይ ነው።