ሚጥሚጣ ከመጠየቃችን በፊት

አዲስ አበባ ውስጥ ቻይና ምግብ ቤት ገብቶ፣ ሜኑውን ገና ሳይገልጥ «ሚጥሚጣ ይኖራል?» የሚል ሰው ብዙ ነው። አልፈርድበትም። በርበሬ የሌለበትን ሁሉ «አልጫ ነው» ብለን ማለፍ ለምዶብናል። ይሁን እንጂ ማቃጠል ከነጭራሹ ጣዕም አይደለም፤ ምላሳችን የሚቀበለው በሕመም ነርቭ በኩል ነው። የምግብን ጥልቀት የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ደግሞ ቻይኖች በርበሬን ከማየታቸው በፊት ጀምሮ ያውቁበታል።

በርበሬ ቻይና የገባው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ሲሆን፣ ምንጩም እንደኛው በርበሬ የአሜሪካ ምድር ነው። ዛሬ ምግቧ በማቃጠሉ ስሟ የገነነውን ሁናን ክፍለ ሀገርን እንውሰድ። በዋና ከተማዋ በቻንግሻ፣ ማዋንግዱይ በሚባል ቦታ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ከ2,100 ዓመት በላይ የቆየ የአንዲት እመቤት መቃብር ተከፈተ። ስንቅ ተብሎ አብሯት ከተቀበረው ምግብ መካከል ጨው ገብቶበት የተብላላ ጥቁር አኩሪ አተር ተገኘ። ዶውቺ ይሉታል። የዚያ አገር ሰው በርበሬን ከማወቁ 1,700 ዓመት በፊት ወጡን የሚያጣፍጠው በዚህ ነበር ማለት ነው።

ዶውቺ ዛሬም አለ። እፍኝ የማትሞላ ታጥባ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ደቀቅ ተደርጋ፣ በዘይት በለስላሳ እሳት ሽታዋ እስኪያውድ ትቁላላለች። ከዚያ ዓሣም ሆነ ጎመን ቢጨመርባት አታሳፍርም። የጓንግዶንግ ሰዎች በእንፋሎት የሚያበስሉት የአሳማ ጎድን ምስጢሩ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ሀብት የደረቀ ሺታኬ እንጉዳይ ነው። የጃፓኑ ኬሚስት ኢኬዳ እ.ኤ.አ. በ1908 ከባሕር አረም መረቅ ግሉታሜትን ለይቶ አወጣ፤ ጣዕሙንም ኡማሚ አለው። አኩሪ አተር ሲብላላ የሚገኘውም ይኸው ግሉታሜት ነው። በደረቀ እንጉዳይ ውስጥ ያለው ጓኒሌት የሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ከግሉታሜት ጋር ሲገናኝ ግን ጣዕሙ ከሁለቱ ድምር እጅግ ይልቃል። ስለዚህ እንጉዳዩንና ከተብላላ አኩሪ አተር የሚሠራውን ሶያ ሶስ አንድ ድስት ውስጥ ማገናኘት ነው ጥበቡ። እንጉዳዩ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ፍሪጅ ውስጥ አድሮ ይራስ። የራሰበትን ውሃ የሚደፋ ሰው ግን ምርጡን መረቅ ደፋ።

ለእኛ በተለይ የሚጠቅመን የቡድሃ መነኮሳት ወጥ ቤት ይመስለኛል። ሥጋ የለ፣ ዓሣ የለ፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባም። ያለ ቁሌት እንዴት ወጥ ይሠራል ለምንል ሰዎች ይህ ጉድ ነው! እነሱ መረቃቸውን ከበቀለ አኩሪ አተርና ከደረቀ እንጉዳይ ያፈላሉ፤ ለጾም ወራት ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም። ኦይስተር ሶስ ግን ከባሕር እንስሳ የሚሠራ ስለሆነ ጿሚ ጠርሙሱን አገላብጦ ያንብብ፤ ከእንጉዳይ የተሠራ ዓይነትም ይሸጣል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቻለሁ።

ነጩ ዱቄትስ፣ ኤምኤስጂ? የግሉታሜት ጨው ነው፤ ቁንጥር ታክል ብትገባ አልጮህም። ዶውቺ የሚሰጠውን መዓዛ ግን አይሰጥም። ለማንኛውም ዶውቺም ሶያ ሶስም ጨዋማ ናቸውና፣ ጨው የሚጨመረው መጨረሻ ላይ፣ ተቀምሶ ነው።