የተመለሰ ሁሉ እንደ ሄደ አይመለስም

የልጅ ልጆቻችሁ ስክሪን ላይ አፍጥጠው የሚያዩትን፣ ቀይ ካባ ለብሶ የሚበረውን ሰውዬ ሳታዩት አትቀሩም። ሱፐርማን ይባላል። ብዙ አባቶችና እናቶች «ይሄ ደግሞ ምኑ ነው? ሰው ይበራል እንዴ?» እያሉ ያልፉታል። እውነት ነው፣ ሰው አይበርም። ግን በተረታችን ውስጥ ጅብና አህያ ሲነጋገሩ «እንስሳ ይናገራል እንዴ?» ብሎ የተነሣ ልጅ አልነበረም። ጅቡ የሚናገረው ለሰው መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የሱፐርማንም ነገር እንደዚያው ነው። በተለይ ሞቶ የተመለሰበት ታሪክ ለዛሬው ቤታችን የሚሆን ቁም ነገር ስላለው፣ ታላላቆቼ ጥቂት ጊዜ እንድትሰጡኝ እለምናለሁ።

እኛ ዘንድ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ነው። የሱፐርማን ዘር ሲቆጠር እኛው ጋ ይደርሳል። የፈጠሩት ሁለት ወጣቶች፣ ጸሐፊው ጄሪ ሲግልና ሠዓሊው ጆ ሹስተር፣ ከአውሮፓ ወደ ሰሜን አሜሪካ የተሰደዱ አይሁዶች ልጆች ናቸው። የተዋወቁት በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ ተማሪ ሳሉ ነው። የሲግል አባት ልብስ ሻጭ ነበር፤ በ1932 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሱቁ ውስጥ ዘረፋ ሲፈጸም እዚያው ሞተ። እንዲህ ዓይነት ልጅ ጥይት የማይበሳው ሰው ቢያስብ ምን ይገርማል? ታሪኩ በ1938 «አክሽን ኮሚክስ» በሚባል የሥዕል መጽሔት ታተመ። ሁለቱ ልጆች ግን መብቱን በ130 ዶላር ሸጠውት ነበር።

ጀግናው ራሱም ስደተኛ ነው። ክሪፕቶን የምትባል ዓለም ልትጠፋ ስትል ወላጆቹ ሕፃኑን መንኮራኩር ውስጥ አስገብተው ላኩት፤ ካንሳስ የሚኖሩ ጆናታንና ማርታ ኬንት የሚባሉ ገበሬዎች አግኝተው አሳደጉት። በትውልድ አገሩ ስሙ ካል-ኤል ነበር፣ በመጣበት አገር ክላርክ ሆነ። ሕፃኑን ሙሴን በቅርጫት አድርጋ ወንዝ ዳር ያስቀመጠችውን እናት ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ወሬ አይደለም። አገር ቤት የወጣላችሁን ስም እዚህ ስትደርሱ ጸሐፊ የቀየረባችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ?

እንግዲህ ይህ አይሞትም የተባለ ሰው በኖቬምበር 1992 ሞተ። ዘመቻ ሰሎሞን ከተፈጸመ ዓመት ተኩል ገደማ መሆኑ ነው፤ ብዙዎቻችሁ ገና ሆቴልና ካራቫን ውስጥ ሆናችሁ አሌፍ ቤት የምትቆጥሩበት ጊዜ ነበር። ደራሲዎቹ መጀመሪያ ያሰቡት ሊድሩት ነበር። ስለ እሱ የቴሌቪዥን ድራማ እየተዘጋጀ ስለነበር «ሠርጉ ይቆይ» ተባለ። ሠርጉ ሲቀር ለቅሶ መጣ። ዱምስዴይ ከሚባል አውሬ ጋር ሜትሮፖሊስ ከተማ መሀል ተገዳደሉና በእጮኛው በሎይስ ሌን እቅፍ ውስጥ ሞተ። መጽሔቱ በጥቁር ከረጢት ታሽጎ፣ ክንድ ላይ ከሚታሰር ጥቁር የሐዘን ጨርቅ ጋር ተሸጠ። ሰው ተሰልፎ ገዛው፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ወጣ።

በሚቀጥለው ዓመት መለሱት። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ቁም ነገር የሚሆነው። «ተነሣ፣ በረረ» ብለው መጨረስ ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም። መጀመሪያ በባዶ ቦታው አራት ሌሎች ብቅ አሉ። አንዱ ግማሽ ሰውነቱ ማሽን ነው፣ አንዱ ርኅራኄ የማያውቅ ቀጪ ነው፣ አንዱ የብረት ልብስ የሠራ መሐንዲስ ነው፣ አንዱ ገና ጎረምሳ ነው። ሕዝቡም እኩሉ ይህን፣ እኩሉ ያንን አመነ። እውነተኛው ሲመጣ ደግሞ ቀይ ካባው የለም። ጥቁር ለብሷል፣ ጸጉሩ ትከሻው ደርሷል፣ መብረር አቅቶታል፤ በጡንቻው ይመካ የነበረ ሰው መሣሪያ ተሸክሟል። እሱ እንዲህ ደክሞ ሳለ ኮስት ሲቲ የምትባል ከተማ ከነሕዝቧ ጠፍታለች። ጉልበቱ በመጨረሻ የተመለሰለትም ብቻውን አይደለም፤ ከአራቱ አንዱ፣ ያ ርኅራኄ የለውም የተባለው፣ ራሱን አሳልፎ ስለሰጠለት ነው።

ጉልበቱ ተመለሰ፣ ሰላሙ ግን አብሮ አልተመለሰም። በ1994 በወጣ ሌላ ተከታታይ ታሪክ ሱፐርማን የገደለውን አውሬ ፍርሃት ከልቡ ማውጣት ያቅተዋል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የምንለው እኮ ይሄ ነው። አውሬው በእርግጥ መሞቱን በዓይኑ ካላየ ዕረፍት ስለማያገኝ ፍለጋ ይወጣል። ያ የቆየ ሠርግም የተደገሰው በ1996 ነው፤ ከሞት ሲመለስ ያሳደገውን ጸጉር የተቆረጠው ያኔ ነው። በ1997 ደግሞ ኃይሉ ጭራሽ ሌላ ሆነ። የጡንቻው ጉልበት ቀርቶ እንደ ኤሌክትሪክ ሆነና አጠቃቀሙን እንደ ሕፃን ከመጀመሪያ ተማረ፤ እንደ ተራ ሰው ክላርክ ሆኖ ሲውል ደግሞ ቢመቱት የሚቆስል ሆነ።

ልጆቹ የሚያውቁት ፊልም የ2017ቱ «ጀስቲስ ሊግ» ነው፤ የእኛዋ ጋል ጋዶት የምትሠራበት። እዚያ ወዳጆቹ ከመቃብር አውጥተው ሲያስነሡት አያውቃቸውም። ለእሱ መታሰቢያ በተሠራው አደባባይ ላይ፣ በገዛ ሐውልቱ አጠገብ፣ ወዳጆቹን ይደበድባል። ያበረደው ከእሱ የበረታ ጀግና አይደለም። ሎይስ መጣች፣ ስታናግረው ረጋ አለ፣ ይዟት ወደ አሳደገው የእርሻ ቤት ሄደ። «ዓለም ልትጠፋ ነው፣ ቶሎ በል» አላለችውም። እርሻው መሀል ቆሞ አየር እንዲስብ ጊዜ ሰጠችው።

አንዳንዱ «ይሄ ሁሉ ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው» ይላል። ልክ ነው፣ ነጋዴዎች ናቸው። ከዚያ ወዲህ በሥዕል መጽሔቶቹ ዓለም የሚሞተው ሁሉ ስለሚመለስ ሞት ቀልድ ሆኗል የሚል ወቀሳም አለ፤ ወቀሳው ትክክል ነው። የእኛ ሙታን አይመለሱም። በሱዳን መንገድ የቀሩት፣ በሄርጽል ተራራ የተቀበሩት ልጆች አይመለሱም፤ ማንም በዚህ ተረት እናታቸውን ሊያጽናና አይሞክር። እኔ ከታሪኩ የምወስደው ስለ መመለስ የሚናገረውን ብቻ ነው፦ ሰው ከሞት አፍ ሲወጣ ሌላ ሰው ሆኖ ይወጣል፣ ድሮ የነበረውን ሰው ከእሱ መጠየቅ ደግሞ በደል ነው።

ይህን ከኦሪት ቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። አባታችን ያዕቆብ ሌሊቱን ሲታገል አድሮ በረከት አገኘ፣ አዲስ ስምም አገኘ፤ ሲነጋ ግን እያነከሰ ነው የሄደው። በረከቱና ማነከሱ አብረው መጡ። እስራኤል የሚለው ስም የወጣው ለሚያነክስ ሰው ነው።

ይህን የምጽፈው በሰፈሮቻችን የሚያነክሱ ብዙ ስለሆኑ ነው። ከኦክቶበር 7፣ 2023 ወዲህ ልጆቻችን፣ ወንዱም ሴቱም፣ በመደበኛ ጦሩም በሚሉኢምም ለረጅም ወራት ቆይተው ተመልሰዋል። ሲመጡ እልል ብለን ተቀበልን፣ ዳቦ ቆረስን፣ «ጀግናችን» አልን። ደግ አደረግን። ግን ከሁለት ሳምንት በኋላስ? ልጁ ሌሊት አይተኛም። ሰርግ ቤት ከበሮ ሲመታ ወጥቶ መኪና ውስጥ ይቀመጣል። ታናሹ ላይ ያለምክንያት ይጮኻል። ያኔ «ምን ነካው? ድሮ እኮ እንዲህ አልነበረም» ይባላል። «ጀግና አያለቅስም» ይባላል። እልልታው ራሱ ጭነት ይሆንበታል፤ እኛ ሐውልቱን ስናደንቅ እሱ ከሐውልቱ ሥር ይታነቃል።

በፌብሩዋሪ 22፣ 2025 አበራ መንግሥቱ ከጋዛ ተመለሰ። በሴፕቴምበር 2014 ከጠፋ ከአሥር ዓመት በላይ መሆኑ ነው። ያን ቀን በየቤቱ የፈሰሰውን እንባ የማያስታውስ የለም። በታልሙድ ወዳጁን አሥራ ሁለት ወር ሙሉ ሳያየው ቆይቶ ያገኘ ሰው ሙታንን የሚያነሣውን አምላክ እንዲባርክ ታዟል። ያን ቀን ይህ በረከት ለመላው ማኅበረሰባችን የተሠራ ይመስል ነበር። ከበረከቱ በኋላ ግን ለእሱም ለቤተሰቡም የሚበጀው ከእኛ ከጋዜጠኞች ካሜራ ይልቅ ጸጥታና ጊዜ ነው። የተመለሰ ሰው የሕዝብ ትርዒት አይደለም፤ የእናቱ ልጅ ነው። ነቢዩ ኤልያስም የመበለቲቱን ልጅ ከሞት ሲያስነሣ አደባባይ አላወጣውም፤ ከሰገነት አውርዶ ለእናቱ ሰጣት።

ይህን ሁሉ ለሽማግሌዎች የምናገረው ለምንድን ነው? ከማንም በላይ ስለምታውቁት ነው። በእግር ወደ ሱዳን ከወጡት ውስጥ በመንገድና በካምፕ አራት ሺህ ያህል ሰው አልቋል። ከዚያ የወጣችሁ እናንተም ከሞት የተመለሳችሁ ናችሁ። ስትደርሱም ኃይላችሁ ተለወጠ። አገር ቤት መሬቱን ያረሰ፣ ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ ያወጣ፣ ደም የተቃባ ያስታረቀ አባት፣ እዚህ የመጣለትን ደብዳቤ የሚያነብለት የአሥር ዓመት ልጁ ሆነ። ሸክላዋ ገበያ ላይ የሚፈለግላት እናት ባንክ ቤት ቆማ ስሟን መጻፍ ተጠየቀች። ስንቱ ቤት በዚህ ተናጋ። ያኔ «እንደ ድሮው ሁኑ» ብሎ የሚጠይቃችሁ ሳይሆን «እንደዚህም ሆናችሁ አባቴና እናቴ ናችሁ» የሚላችሁ ሰው ነበር የሚያስፈልጋችሁ። ለአንዳንዶቻችሁ ተገኘ፣ ለብዙዎቻችሁ አልተገኘም።

ስለዚህ ከታላላቆቼ የምጠይቀው ይህ ነው።

አንደኛ፣ ለተመለሰው ልጅ የሱዳንን መንገድ ንገሩት። ድሉን ብቻ አይደለም፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ንገሩት፦ እንቅልፍ ያጣችሁበትን ዘመን፣ የቀበራችኋቸውን ሰዎች ስም፣ እዚህ ደርሳችሁም ያልወጣላችሁን ፍርሃት። እናንተ በክብር ዝም ያላችሁትን ልጁ «እኔ ብቻ ነኝ ደካማው» ብሎ ይተረጉመዋል።

ሁለተኛ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የምትሉት እናንተው ናችሁ። የነፍስ ቁስልም ቁስል ነው። የመከላከያ ሚኒስቴር የማገገሚያ ክፍል፣ ሺኩም የሚባለው፣ የሚያክመው እግር የተቆረጠውን ብቻ አይደለም፤ ፖስት ትራውማ ያለበትንም ያክማል። ብዙ ልጅ ግን «ሰው ምን ይለኛል?» ብሎ አይሄድም። ያ «ሰው» የሚባለው እኛ ነን። አንድ ቄስ ወይም አንድ የተከበረ ሽማግሌ «ልጄ፣ መታከም ነውር አይደለም፣ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ» ቢለው የስንት ብሮሹር ሥራ ይሠራል።

ሦስተኛ፣ ጊዜ ስጡት። ሥራ ያዝ፣ አግባ፣ ሳቅ በል እያላችሁ አታጣድፉት። ሱፐርማን እንኳ፣ ያውም በተረት፣ ከሞት ተመልሶ ሠርጉ እስኪደርስ ሦስት ዓመት ፈጅቶበታል።

እንግዲህ የልጅ ልጃችሁ ያንን ፊልም ሲያይ አጠገቡ ቁጭ በሉና «ይሄ ሰውዬ ከተነሣ በኋላ ምን ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁት። ስለ ጀግናው ሲነግራችሁ ስለ ወንድሙ ወይም ስለ አባቱ ሊነግራችሁ ይችላል። ከዚያም ተራው የእናንተ ይሆናል። የእናንተ ኃይል አልጠፋም፣ ተለወጠ እንጂ። ዛሬ የምንፈልገው ያንን የተለወጠውን ነው፦ ከሞት ተመልሶ፣ እያነከሰ፣ ቤት የሠራ ሰው የሚያውቀውን ዕውቀት።